ለዘወትር የምትሆን ሰዓት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 1988

የጠዋቱ የአንድ ሰዓት ዜና ዛሬም ዘገየ። አሥራ አንድ ደቂቃ ከምናምን። ባለፈው ማክሰኞ ዘጠኝ ነበር። እየባሰባቸው ነው። የአገር ሬዲዮ ሰዓት ካላከበረ ማን ሊያከብር ነው?

ዳቦ ቤቱም ተዘግቶ ጠበቀኝ። ብርድ ላይ ቆምኩ። ባለቤቷ ዙሌካ በሩን ስትከፍት፣ "ጋሼ፣ ዛሬም ቀደሙን" አለችኝ። ትስቃለች ደግሞ። ማንንም አልቀደምኩም። እነሱ ናቸው የዘገዩት።

ፋብሪካው ሳይረኑን ካቆመ ዛሬ ሠላሳ አምስት ቀን። መስከረም 29፣ ስድስት ሰዓት ላይ ጮኸ፤ ከዚያ ወዲህ ዝም። አዲሱ ባለቤት፣ ሠራተኛው ሁሉ ሰዓት አስሯል፣ ጩኸት ምን ያደርጋል አለ አሉ። ያን ሳይረን ሃያ ስድስት ዓመት ያስጮኽኩት እኔ ነኝ። በሚስቴ ሠልስት ማግስት እንኳ ቦታዬ ላይ ነበርኩ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በእኔ ቦታ የተተካው ሰውዬ በየቀኑ ሃያ ሴኮንድ ያህል ያዘገይ ነበር። በየቀኑ... ለሰላም ብዬ ሰዓቴን ወደ እሱ እመልስ ነበር። አሁን እሱም ቀረ። እንግዲህ ከመካኒሳ እስከ ብስራተ ገብርኤል ልክ የሆነች ሰዓት ያለችው እኔ ክንድ ላይ ብቻ ነው። መኩራራት አይደለም። እውነት ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ምሳ ስድስት ሰዓት ብያለሁ። ስድስት ከአሥራ ሁለት ላይ ቀረበ። አልበላሁም። ልጄ ውዳሴ ሳህኑን መልሳ ስታነሳ ከባሏ ጋር ተያዩ። ምን ነበር ያ አስተያየት?

ሐሙስ፣ ኅዳር 20

የባሻ ፈለቀ ቀብር። እድራችን ሬሳ ከመውጣቱ በፊት፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ድንኳኑ በር ላይ ስም ይጠራል። ስም ጠሪው እኔ ነኝ፤ አሥራ አራት ዓመት። ደንቡ ግልጽ ነው፣ የጻፍኩትም ራሴ ነኝ። በሰባት ሰዓት ያልተገኘ ቀሪ ነው። በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰረዛል። የተሰረዘ ሰው ቤት ሞት ቢገባ ድንኳን አይተከልም፣ ጡሩምባ አይነፋም፣ ሬሳ የሚሸከም አይላክም።

ሰባት ሲሞላ ጠራሁ። ሰባት ከአምስት ላይ መዝገቡን ዘጋሁ። ሰባት ከአሥራ ሁለት ላይ አስቴር እየሮጠች መጣች። ነጠላዋ በአንድ ወገን መሬት ይጠርጋል።

"ጋሽ ከበበው፣ አለሁ።"

"የለሽም። ተዘግቷል።"

"ለሰባት አምስት ጉዳይ እኮ ነው።" ክንዷን ዘረጋችልኝ። የልጅ የምትመስል ትንሽ ሰዓት አስራለች።

"የአንቺን አሻንጉሊት አላይም።"

"እናቴን አገላብጬ፣ አጥቤ፣ ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ ነው የመጣሁት። ያውቃሉ እኮ።"

አውቃለሁ። እናቷ እማማ ይመኙሻል አልጋ ላይ ከዋሉ ሁለት ዓመታቸው ነው። በዚሁ ምክንያት ሐምሌ ላይ ቀርታለች፣ ጥቅምት ላይ ቀርታለች። ይህ ሦስተኛዋ ነው። ምክንያት ከተሰማ ደንብ የሚባል የለም። ምክንያት የሌለው ሰው የት አለ? እኔም ነበረኝ።

የእድሩ ሊቀመንበር ዋቅጅራ መሬት መሬቱን ያያል። አንድ ሰው እንኳ "ልክ ነዎት" አላለኝም። "ተሳስተዋል"ም ያለኝ የለም።

ከቀብር መልስ ወንበር ስናወርድ የመኪናው ብረት ክንዴን መታኝ። የሰዓቴ መስታወት ተሰነጠቀ። የዛሬው ውሎ አልበቃ ብሎ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22

ሰዒድ ዘንድ ወሰድኳት። መካኒሳ አስፋልት ዳር፣ ከመስታወት ሳጥኑ ኋላ የሚቀመጠው ሰዓት ጠጋኝ። ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ከፈታት። ወደ ጆሮው አስጠጋት።

"መስታወቱ ቀላል ነው። ግን ሁለት ሳምንት ይተዉልኝ። አንድ ነገር ልይባት።"

"ምን?"

"እስካውቅ አልናገርም፣ ጋሼ። ደግሞ አርጅታለች። ይቺን ለበዓል ያድርጓት፣ ለዘወትር ሌላ ይፈልጉ።"

ለበዓል... ሰዓት ጌጥ ናት እንዴ? ፋብሪካው በር ላይ ዘበኛ ሆኜ ስገባ ቁጥር አላውቅም ነበር። ከበሩ በላይ የተሰቀለውን ሰዓት እያየሁ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ለየሁ። ፊደል ከዚያ በኋላ ነው የመጣው፣ ስኳር በተጠቀለለበት ጋዜጣ። ማንም አላስተማረኝም። ቁጥር ካወቅሁ በኋላ መጀመሪያ የገዛሁት ነገር ይቺ ሰዓት ናት። ሃያ ስምንት ዓመት ሆናት።

ትቻት መጣሁ። ክንዴ ላይ የነበረችበት ቦታ ነጭ ሆኗል። እጄ የሌላ ሰው እጅ ይመስላል።

ሰኞ፣ ኅዳር 24

የልጄ ባል ደምሰው ከመርካቶ የፕላስቲክ ሰዓት አመጣልኝ። ቆጣሪ የለውም፣ ቁጥር ብቻ ይጽፋል። "አባባ፣ በእኛ አቆጣጠር አስተካክዬዋለሁ" አለኝ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አየሁት። ጎኑ ላይ የፈረንጅ ፊደል አለ።

"ምን ይላል?"

"ከሰዓት በኋላ ነው የሚለው። እሱን አይዩት።"

የማላየውን ነገር ለምን አስረው? በዚያ ላይ በየሰዓቱ ይጮኻል። ኪዳን ላይ ጮኸብኝ። ቄሱ ዞረው አዩኝ። ኪሴ ውስጥ ከትቼ በመዳፌ አፈንኩት፤ እዚያም ሆኖ ጮኸ።

አንድ ነገር ግን መጻፍ አለብኝ። ዛሬ የሬዲዮው ዜና በሰዓቱ መጣ። ዙሌካም በሰዓቷ ከፈተች። ምሳም ልክ በስድስት ቀረበ። ሰው መቆጣት ያለበት ለዚህ ነው። ሰምተውኛል ማለት ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 27

ፕላስቲኩን ለደምሰው መለስኩለት። ራሴ እመርጣለሁ ብዬ ሰዒድ ዘንድ ሄድኩ። ሳጥኑ ውስጥ ሃያ ያህል አለ።

የመጀመሪያው ቁጥር የለውም፣ አራት ጭረት ብቻ። ቁጥር የሌለው ሰዓት ምኑ ሰዓት ነው? ሁለተኛው ወርቅ የተቀባ፣ ሳንቲም የሚያህል። ከሩቅ የሚያዩት ሌሎች፣ ከቅርብ የማላየው እኔ። ሦስተኛው ቀን ይቆጥራል። ሰዒድ እየጠመዘዘ ሲያሳየኝ ከሠላሳ ቀጥሎ ሠላሳ አንድ መጣ።

"ሠላሳ አንድ የሚባል ቀን የትኛው ወር ውስጥ ነው?"

"የፈረንጅ ነው፣ ጋሼ። ወር ሲያልቅ አንዴ ጠምዘዝ ማድረግ ነው።"

"ጳጉሜንስ?"

"ጳጉሜንን... እሷን አያውቃትም።"

"ጳጉሜንን የማያውቅ ነው ቀኔን የሚነግረኝ?"

ሰዒድ ሳቀ። "ጋሼ፣ ሊያገቧት ነው ሊያስሯት?"

አልሳቅሁም። ሰዓትን ሰው በቀን መቶ ጊዜ ያያታል። ሚስቱን እንኳ ያን ያህል አያይም።

የምፈልገውን ነገርኩት። ጥቁር ቁጥር፣ ነጭ ላይ፣ አሥራ ሁለቱም። ያለ መነጽር የሚታይ። ቀን የማይቆጥር፣ የማይጮኽ። ማሰሪያው ቆዳ፤ ብረት የክንዴን ፀጉር ይነጫል። ባትሪ አልፈልግም፤ ባትሪ ሳይናገር ነው የሚሞተው። በእጅ የምትሞላ ግን ከመቆሟ በፊት መድከሟን ታስታውቃለች።

ከመሳቢያው ሥር አንዲት ያገለገለች አወጣ። ፊቷ ነጭ፣ ቁጥሯ ጥቁር። ቆንጆ አይደለችም።

"ይቺ ትሆንዎታለች። ግን አልዋሽዎትም፣ በቀን አንድ ደቂቃ ትስታለች።"

"ወደ የት?"

"እንደ አየሩ። አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ።"

"የምትስት ሰዓት ልታስረኝ?"

"የማትስት የለችኝም፣ ጋሼ። በየጠዋቱ ሬዲዮ አለ፣ የሚያዳምጥ ካለ።"

ጥያት መጣሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 30

ባዶ ክንድ እንዲህ ያዋርዳል? ታክሲ ተራ ላይ አንዱን ጎረምሳ ስንት ሰዓት ነው አልኩት። "ፋዘር፣ ሰዓትማ አሁን ተሳፍሮ ሄደ" አለኝ። ተራው ሁሉ ሳቀ። ቀጣዩ ታክሲ ሲመጣ አልገባሁም። እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀብኝ አላውቅም። አለማወቄ ነው የበለጠ ያናደደኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 2

የእድሩ ኮሚቴ ተሰበሰበ። አስቴር አቤት ብላለች።

"ጋሽ ከበበው፣ ይቺን አንዴ ብናልፋትስ?" አለ ዋቅጅራ። "አምስት ደቂቃ ነበረኝ ነው የምትለው። እኔም ያን ቀን ሰዓቴን..."

"ሰዓትህን ምን?"

"ኧረ ምንም።"

"ምንም ከሆነ ተወው።"

ቀይ እስክሪብቶ አወጣሁ። ማስመሪያ አድርጌ ሰረዝኳት። መስመሩ ቀጥ ብሏል።

ስወጣ በር ላይ ቆማለች። አላለቀሰችም። "እናቴን ማን ሊቀብርልኝ ነው፣ ጋሽ ከበበው?" አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ የመንገድ አቅጣጫ እንደሚጠይቅ ሰው።

"ደንብ ነው" አልኳት።

ደንብ ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 6

ሰዒድ ልኮብኝ ሄድኩ። ሰዓቴ ሳጥኑ ላይ ተኝታለች። አጠገቧ ትንሽ ሬዲዮ።

"ጋሼ፣ ይቺ ትሮጣለች።"

"ማን?"

"ሰዓትዎ። ውስጧ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥምዝ ሽቦ አለች፤ ዘይት ነክቷት ተጣብቃለች። አሥራ አራት ቀን ከሬዲዮ ጋር አመሳከርኳት። በቀን ሃያ ሴኮንድ ትቀድማለች። ይሄ ነገር ከጀመራት ዓመት ሳያልፋት አይቀርም።"

አንተ ነህ ያበላሸሃት አልኩት። ሌላም ያልኩት አለ፤ አልጽፈውም። ማጉያውን አውልቆ አየኝ።

ቤት ገብቼ እርሳስ አነሳሁ። በቀን ሃያ ሴኮንድ... የዚያ የተተካብኝ ሰውዬ ሃያ ሴኮንድ። እሱ አልነበረም የሚያዘገየው። ሳይረኑ ከቆመበት ከመስከረም 29 እስከ ኅዳር 20 አምሳ አንድ ቀን። አምሳ አንድ በሃያ ሲባዛ አንድ ሺህ ሃያ። ለስልሳ ሲካፈል አሥራ ሰባት። ትርፍ የለውም። ሦስት ጊዜ ሠራሁት።

ከሰባት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ አሥራ ሰባት ሲነሳ... ለሰባት አምስት ጉዳይ።

አሻንጉሊት ያልኳት ሰዓት።

ሬዲዮውም አልተሻሻለም። ዙሌካም አልተሻሻለችም።

ውዳሴን ጠራኋት። "ሰዓቴ እንደምትቀድም ታውቂ ነበር?"

አጎነበሰች። "ሁሉም ያውቃል፣ አባባ።"

"ሁሉም ማለት ማን?"

"ሰፈሩ። 'በእኛ ነው በጋሽ ከበበው?' እየተባለ ነው የሚቀጣጠረው። ለእድር ሲሆን ሰው ሩብ ሰዓት አስቀድሞ ይመጣል።"

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ለእርስዎ ማን ይናገር?"

እንግዲህ ያን ቀን ሌላው ሁሉ የመጣው ለእኔ ብሎ ነው። አስቴር ብቻ ናት ሰዓቱን አክብራ የመጣችው። የሰረዝኩት እሷን።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 7

ቅዳሴ አልሄድኩም። ማንንም ማየት አልፈልግም። ስንቱ ነው በሆዱ እየሳቀ ከፊቴ የቆመው? ፈሪ ሁሉ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

ለዋቅጅራ ልነግረው ወጣሁ። በሩ ድረስ ሄድኩ። ውሻው ጮኸ፣ ተመለስኩ። ውሻ ፈርቼ አይደለም። ምን ልበለው? አሥራ አራት ዓመት መዝገብ የያዘ ሰው ምን ብሎ ይጀምራል?

ስመለስ አስቴር ቧንቧው ጋ ጄሪካን ስትሞላ አየኋት። ሰላም አላለችኝም። በየቀኑ የምትለኝ ሰው ነበረች። የእናቷ ትንፋሽ ከብዷል ትላለች ውዳሴ።

እሑድ በጠቅላላ ስብሰባው እናገራለሁ። ደንቡም የሚለው እንደዚያ ነው፣ የተሰረዘ የሚመለሰው በጠቅላላ ስብሰባ። ነገር በሥርዓቱ ሲሆን ነው...

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 11

ጎህ ሲቀድ ለቅሶ ሰማሁ። ከነአስቴር ቤት ነው። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ጡሩምባውን ጠበቅሁ። በዚህ ሰፈር ሰው ሲሞት የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ሞልቱ በየመንገዱ እየነፋ ይለፍፋል። ዛሬ ዝም። ለቅሶው ብቻውን ነበር። ያን ዝምታ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ በማስመሪያ።

ካፖርቴን ደርቤ ወጣሁ። ሞልቱ ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ ጡሩምባው በእጁ ነው።

"ምን ትጠብቃለህ?"

"ተሰርዛለች እኮ፣ ጋሼ። እርስዎ ራስዎ..."

"ንፋ።"

"ሊቀመንበሩ ሳያዙ?"

"ንፋ ብዬሃለሁ። የሚጠይቅህ ካለ ከበበው ነው ያዘዘኝ በል።"

"ምን ብዬ ልለፍፍ?"

"የእድራችን አባል የአስቴር እናት፣ እማማ ይመኙሻል አርፈዋል በል። አባል የምትለዋን ጮክ አድርጋት።"

ነፋ። እስኪርቅ ድረስ ቆሜ ሰማሁት።

ከዚያ ዋቅጅራ ቤት። ውሻው ጮኸ፤ ይጩህ። በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፣ ሃያዋን ሴኮንድ፣ አሥራ ሰባቷን ደቂቃ።

"አውቅ ነበር" አለኝ።

"ታዲያ ምነው አልተናገርክ?"

"ጀምሬ ነበር፣ ጋሽ ከበበው። ተወው አሉኝ።"

ተናደድኩበት። እውነቱን ስለተናገረ ነው የተናደድኩት።

ሰባት ሰዓት ላይ ድንኳኑ በር ላይ ቆምኩ፣ በባዶ ክንዴ። ሰው ሁሉ እንደለመደው አስቀድሞ መጥቷል። ስም ከመጥራቴ በፊት መዝገቡን ገልጬ የጻፍኩትን አነበብኩላቸው። "ኅዳር 20 ቀን አስቴር በሰዓቷ ተገኝታለች። የዘገየ አልነበረም። ስህተቱ የመዝጋቢው ነው። ስረዛው ተነሥቷል።" በጠቅላላ ስብሰባ ይሁን ያለ የለም። እኔም አላስታወስኳቸውም።

አስቴር ከውስጥ ሰምታለች። ቀና አላለችም። እዚያ ይቅርታ አልጠየቅኳትም። በእናቷ ለቅሶ መሃል የራሴን ሸክም አላራግፍባትም።

ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ። "ጋሼ፣ ይተዉ፣ እኛ አለን" ሲሉኝ አልተውኩም። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ትከሻዬ አሁን እየጻፍኩ ያመኛል። ይመመኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 20

ሰዒድ ዘንድ። ያን ቀን የሰደብኩህ ልክ አልነበረም አልኩት።

"የትኛውን ስድብ?"

"ሁሉንም።"

"ብዙ ነበር እኮ፣ ጋሼ።" ሳቀ። በርጩማውን ወደ እኔ ገፋልኝ።

አሮጊቷን ሰዓቴን አጽድቶ አሳየኝ። ለበዓል ትሁን አልኩ፤ ከራሴ አፍ ነው የወጣው። ለዘወትር ያቺን ባለ ነጭ ፊት አንሳልኝ አልኩት።

"በቀን አንድ ደቂቃ የምትስተዋን? ሰሞኑን ከሷ የተሻለች አግኝቻለሁ።"

"እሷን አልኩ።"

ማሰሪያውን ራሱ አሰረልኝ። ነጩን የክንዴን ምልክት ሙሉ በሙሉ አልሸፈነችውም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 22

አስቴር ቤት ሄድኩ። የእናቷን ብርድ ልብስ አጥባ ገመድ ላይ ትሰቅላለች። ቁጭ ይበሉ አላለችኝም። ቆሜ ተናገርኩ። "በደልኩሽ። ሰዓቴ ነው ልል አልመጣሁም። ያላየሁልሽ እኔ ነኝ።"

ብርድ ልብሱን ዘረጋችው። ከበስተኋላው ሆና ነው የመለሰችልኝ።

"ቅዳሜ አውቀዋል አሉ። ውዳሴ ነገረችኝ።"

"አዎ።"

"እናቴ ያረፈችው ሐሙስ ነው። ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ አንድ ነገር ብቻ ነው ስትጠይቀኝ የነበረው። 'ጡሩምባ አይነፋልኝም ወይ?' ነበር የምትለኝ።"

አምስት ቀን። እሱን በሴኮንድ አልመነዘርኩትም።

እሑድ፣ ጥር 5

የእድር ስብሰባ፣ አራት ሰዓት ላይ። ጠዋት ከአንድ ሰዓቱ ዜና ጋር አስተካክያታለሁ። ትናንት አርባ ሴኮንድ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር፤ ብርድ ነው። ከታኅሣሥ 20 ወዲህ አንድም ጠዋት አላለፈኝም።

አስቴር ገባች። ጥቁር ለብሳለች። ከኋላ ተቀመጠች። በጥቂቱ አንገቷን ዝቅ አደረገች፣ ለእኔ ይሁን ለሌላ ሰው አላወቅሁም።

የእኔ ሰዓት አራት ሞላ። መዝገቡን ገለጥኩ። እስክሪብቶውን አነሳሁ። ሰዉ የመጀመሪያውን ስም ይጠብቃል።

"አስቴር፣ ስንት ሰዓት ነው?"

ሁሉም ወደ ኋላ ዞረ። ክንዷን አየች።

"ለአራት ሁለት ጉዳይ።"

የእኔ ልክ ናት። በሬዲዮ ካስተካከልኳት ገና ሦስት ሰዓቷ ነው። እርግጠኛ ነኝ።

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። ሁለት ደቂቃ ጠበቅን።